ከቲ ፐርም በኋላ

ሩቢክ ኪዩብን ከአንድ ደቂቃ በታች መፍታት የጀመረ ልጅ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ «ቀጥሎስ?» የሚል ነው። ደብረ ታቦር ላይ አብረውኝ ከሚለማመዱት ብዙዎቹ ደግሞ መልሱን ይዘው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ዜድቢኤልኤል ልጀምር?» ይሉኛል። ስሙን ከቪዲዮ ሰምተውታል፤ ፈጣኖቹ እንደሚያጠኑትም ያውቃሉ። እኔም ወረቀት አወጣና አብረን እናሰላለን።

የመጨረሻው ደርብ ብቻ ሲቀር ኪዩቡ በ62,208 መልክ ሊገኝ ይችላል። ዜድቢኤልኤል ያንን ደርብ በአንድ አልጎሪዝም፣ ማለትም በተሸመደደ የእርምጃ ቅደም ተከተል፣ ይጨርሰዋል፤ ግን የሚሠራው አራቱም ጠርዞች ትክክለኛ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው ሲገኙ ብቻ ነው። በተለመደው አፈታት ይህ የሚሆነው ከ8 አንዴ ነው። የሚጠኑት አልጎሪዝሞች ደግሞ 472 ናቸው። ሲባዛና ሲካፈል አብዛኞቹ እያንዳንዳቸው 3,888 ጊዜ ተፈትቶ በአማካይ አንዴ ብቅ ይላሉ። በቀን 50 ጊዜ የሚፈታ ልጅ አንዷን ለማግኘት ሁለት ወር ተኩል ያህል ይጠብቃል ማለት ነው። ጣት ሁለት ወር ተኩል ያልነካውን ነገር አይዝም። ልጁ የለፋበት ነገር በእጁ ላይ እያለ ይሞትበታል፤ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

በመጨረሻው ደርብ ሁለት ጠርዝና ሁለት ማዕዘን የሚያለዋውጠው ቲ ፐርም ግን ከ18 አንዴ ይመጣል። ያው ልጅ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገኘዋል፤ ሳያስበው ይከልሰዋል። የመጨረሻውን ደርብ ክፍሎች ወደ ቦታቸው ከሚመልሱት ከ21ዱ ፒኤልኤል መካከል ሁለቱ ኤን ፐርሞች ግን እያንዳንዳቸው ከ72 አንዴ ናቸው፤ በዚያ ላይ ረጃጅም ናቸው። ስለዚህ 16 አልጎሪዝም ይዞ የመጨረሻውን ደርብ በአራት እርከን የሚጨርስ ልጅ ወደ ሙሉዎቹ 78 ሲያድግ በቁጥር ቅደም ተከተል አይሂድ እላለሁ። በመጀመሪያ ቲና ሁለቱ ጄዎች። ኤኖቹ መጨረሻ ላይ ይምጡ፤ ዓመት ቢዘገዩም የሚጎድለው ጥቂት ነው። የላይኛውን ፊት አንድ ቀለም ከሚያደርጉት ከ57ቱ ኦኤልኤልም እንዲሁ፦ አራቱም ማዕዘኖች ተስተካክለው አራቱም ጠርዞች የተገለበጡበት ከ216 አንዴ ነው የሚመጣው፤ ለሱ ብሎ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

አንድ አልጎሪዝም መማር ማለት አንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል አይደለም፤ እስካለ ድረስ ይቀለባል። ይህን ነገር በዚህ አገር ማስረዳት አይከብድም። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የሚመሰከርበት ቦታ ነው፤ ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። አንዱን ያስመሰከረ ተማሪ ስንቁን ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በቃሉ የያዘውን ግን ጥሎ አይሄድም፣ እየቀጸለ ነው። እኔም ለልጆቹ ያስቀመጥሁት ደንብ ከዚያ የተቀዳ ነው፦ የትናንቱን አልጎሪዝም ኪዩቡን ሳያዩ፣ እየተጨዋወቱ፣ በዝግታ መሥራት ያልቻለ አዲስ አይቀበልም። በዝግታ የምለው ሆን ብዬ ነው። በፍጥነት ሲሠራ ጣት በልማድ ያልፈዋል፤ በዝግታ ሲሠራ ግን መሃል ላይ የጠፋው እርምጃ ይታወቃል። ቀኝ ወደ ላይ፣ ጣሪያው ወደ ግራ፣ ቀኝ ወደ ታች፣ ጣሪያው ወደ ቀኝ፦ የቲ ፐርም አራት መክፈቻ እርምጃዎች እነዚህ ናቸው። እነሱን ብቻ ስድስት ጊዜ ብንደጋግም ኪዩቡ ወደነበረበት ይመለሳል። አምስተኛው እርምጃ ላይ ቀኙ ከፍ ከማለት ይልቅ አሁንም ወደ ታች ይወርዳል፤ ብዙ ልጅ የሚስተው እዚያች ላይ ነው።

ስለ አዲስ እንቅስቃሴ ካነሳን፣ የከተማችን ታሪክ ውስጥ የምወደው ነገር አለ። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ይታወቁ እንጂ ትልቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። አዲስ ዝማሜ አወጡ፤ የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም ይባላል። ልጃቸው ተክሌ ግን ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ እስከ ዛሬም የተክሌ ዝማሜ ተብሎ ይጠራል። የተቀበሉት ሰዎች ዜማውን ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት ነበሩ፤ አዲስ የሆነባቸው የአካሉና የመቋሚያው ውዝዋዜ ነው። አዲስ ነገር ስመርጥ እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፦ ቀድሞ በያዝሁት ላይ የሚቆም።

የዓለም ኪዩብ ማኅበር የሚያወዳድርባቸው ዓይነቶች 17 ናቸው። በዚህ መለኪያ ጥቂቶቹን እንይ፦ በአንድ እጅ መፍታት አዲስ አልጎሪዝም ሳይጠይቅ ይጀመራል። ባለ 12 ፊቱ ሜጋሚንክስ ግዙፍ መስሎ ያስፈራል እንጂ አብዛኛው ሥራ የኪዩቡ ሁለት ደርብ አሞላል ነው። ባለ ሁለት በሁለቱ በኦርቴጋ ዘዴ 12 አልጎሪዝም ይበቃዋል። ክሎክ ምንም የሚሸመደድ ነገር የለውም፤ ማስላት የሚወድ ልጅ ይደሰትበታል። ስኩዌር ዋንን ግን ቅርጹ ራሱ ስለሚለዋወጥ ከኪዩቡ የምንወስድለት እምብዛም የለም፤ እኔ ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ሰው የሚፈራውን ነው፤ ዓይን ተሸፍኖ መፍታት። ሰዓቱ የሚቆጠረው ኪዩቡን ማየት ከተጀመረበት ቅጽበት ነው፤ ማጥናቱም መፍታቱም አንድ ላይ ይደመራል። ታዲያ የኦልድ ፖክማን ዘዴ ለጠርዞቹ የሚፈልገው ቲ ፐርምን ነው፤ ለማዕዘኖቹ ደግሞ መጀመሪያና መጨረሻ ያለችው እርምጃ የተቆረጠችለትን ዋይ ፐርም። ልጁ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። የሚቀረው ማጥናቱ ነው፤ እዚህ ላይ ፊደላችን ያለውን ጉልበት ብዙ ሰው አላስተዋለውም።

12ቱ ጠርዞች ሁለት ሁለት ፊት፣ 8ቱ ማዕዘኖች ሦስት ሦስት ፊት አላቸው፤ ሁለቱም ጋ 24 ይመጣል። ስለዚህ 24 ፊደል ያስፈልጋል። ብዙዎች የላቲኑን ይጠቀማሉ፤ ተነባቢ ከተነባቢ ሲገጥምባቸው ቃል ለማውጣት ይቸገራሉ። የእኛን 33 እንውሰድ። ሐ፣ ኀና ኸ ከሀ ጋር፣ ሠ ከሰ ጋር፣ ዐ ከአ ጋር፣ ፀ ከጸ ጋር በድምፅ አንድ ስለሆኑ ስድስቱ ይውጡ። ብዙ ቃል የማይጀምሩት ጰ፣ ፐና ዠ ይከተሉ። የሚቀረው 24 ነው፤ አይተርፍም፣ አይጎድልም።

ከዚያ ሁለት ሁለት ፊደል እየገጠምን ቃል እናወጣለን። እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ድምፅ ስላለው ለአንድ ጥንድ 49 ዓይነት አነባበብ ይኖራል፤ ከዚያ ሁሉ መካከል አንድ የታወቀ ቃል ብዙ ጊዜ አይታጣም። ገ እና ነ ተራራው ጉና ነው። ለ እና በ ሌባ፤ ሲገለበጥ ባል ይሆናል፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይምታታም። በ እና ገ በግ። ሁለት ፊደል ካልበቃ ሦስተኛ ይጨመራል፦ መ እና ሰ መሶብ። እነሆ ጉና ላይ ሌባ በግ ሲነዳ ታየን፤ ስድስት ፊደል በአንድ ሥዕል ተያዘ። ሥዕሎቹን ደግሞ ልጁ በሚያውቀው መንገድ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ አንዱን መናኸሪያው በር ላይ፣ ቀጣዩን አለም በር፣ ሌላውን ወረታ። ለጠርዙም ለማዕዘኑም አራት አምስት ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ኘ ቃል መጀመር ስለማይወድ ጥንዶቹን ያበላሻል። መላው ቀላል ነው። በዚህ ዘዴ ሁልጊዜ መነሻ የሚሆን አንድ ጠርዝና አንድ ማዕዘን አለ፤ በነዚያ ላይ ያሉት ፊደሎች ሲጠኑ አይጠሩም። ስለዚህ ኘን እና ቸን የመነሻው ጠርዝ ሁለት ፊቶች ላይ እናስራቸዋለን። የመነሻው ማዕዘን ሦስት ፊት ስላለው ሦስተኛ አስቸጋሪ ፊደል መምረጥ የልጁ ፈንታ ነው፤ የትኛው ፊደል ቃል እንደሚነፍገው ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ልምምዱን በጠርዞቹ ብቻ መጀመር ይሻላል። ማዕዘኖቹ እንደተዘበራረቁ ይቆዩ፤ 12ቱ ጠርዞች ቦታቸውን ከያዙ ለዚያ ቀን ድል ነው። ማዕዘኖቹ ይቀጥላሉ። ቲ ፐርም ሁለት ጠርዝ ሲያለዋውጥ ሁለት ማዕዘንም አብሮ ስለሚያለዋውጥ፣ የፊደሎቹ ቁጥር ጎዶሎ ሲሆን እነዚያ ማዕዘኖች ሳይመለሱ ይቀራሉ። ያኔ በጠርዙና በማዕዘኑ ሥራ መካከል አንድ ጊዜ አር ፐርም ይገባል። እሱንም ከ21ዱ ጋር ተምሮታል፤ ካልተማረው ደግሞ ከኤኖቹ በፊት የሚያስቀድምበት ምክንያት አገኘ።