ስማችን ያለበት፣ አፈራችን የሌለበት መጽሐፍ

በትምህርት ቤቶቻችን ስለ እንግሊዝ ታላላቅ ሰዎች ሲነገር ኒውተን በሳይንስ፣ ፐርሰል በሙዚቃ፣ ሼክስፒር በሥነ ጽሑፍ እየተጠሩ ያልፋሉ። ተማሪው ስማቸውን ያጠናል፤ ሥራቸውን ግን አይመዝንም። የአንድ ደራሲ ታላቅነት የሚፈተነው ሥራው ከእኛ ኑሮና ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ነው። ለዚህ ፈተና ልብ ወለዱን በአገራችን ላይ የመሠረተው ሳሙኤል ጆንሰን (1709–1784 እ.ኤ.አ.) ጥሩ ናሙና ነው።

ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም። በ1735 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋላዊውን ሚሲዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ። በ1759 እናቱ ሲሞቱ ለቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ ቢቸግረው «ራስላስ»ን በጥቂት ቀናት ጻፈ። የባለታሪኩ ስም ከዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ከራስ ስዕለ ክርስቶስ የተወሰደ እንደሆነ ይታመናል። የነገሥታት ልጆች በአምባ ላይ ይጋዙ የነበረበትን ልማድም ደራሲው ወስዶ አምባውን ሸለቆ አደረገው።

በዚህ ሸለቆ ምግቡ፣ ዘፈኑ፣ ጨዋታው ሙሉ ነው፤ መውጫው ግን በብረት በር ተዘግቷል። ልዑሉ ራስላስ በድሎት መካከል ይሰለቻል። ከጎጃሙ ባለቅኔ ከኢምላክ ጋር ሆኖ ሽኮኮዎች አፈሩን ሽቅብ ሲምሱ በማየት ተራራውን ፈልፍሎ ይወጣል። እኅቱም ትከተለዋለች። እስከ ካይሮ ዘልቀው ደስተኛ ሰው ይፈልጋሉ፤ የልባቸውን ግን አያገኙም።

የመጽሐፉ ጥንካሬ ይህ ነው፦ ነጻነት የሌለው ድሎት ግዞት መሆኑን ያስረዳል። ሳይንስንም ቢሆን በጭፍን አያመልክም። የኒውተን «ፕሪንኪፒያ» በ1687 ከታተመ በኋላ የሳይንስ ክብር በገነነበት ዘመን ጆንሰን አርባ ዓመት ብቻውን ከዋክብትን ሲመረምር የኖረ ሊቅ ይስልልናል። ሊቁ ዝናብና ፀሐይ በእርሱ ትእዛዝ የሚሄዱ ይመስለዋል። ከዚህ ቅዠት የሚያላቅቀው መጽሐፍ ሳይሆን የሰው ጨዋታና ወዳጅነት ነው። ከኅብረተሰብ የተነጠለ ዕውቀት ወዴት እንደሚያደርስ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም።

ድክመቱስ? ኢምላክ ስለ ቅኔ ሲናገር ባለቅኔ የአጠቃላዩን ባሕርይ እንጂ የአንዷን አበባ ዝንጉርጉር መስመር መቁጠር እንደማይገባው ያስተምራል። ደራሲውም በዚሁ ሕግ ጽፏል። ስለዚህ መጽሐፉ ከአገር ወደ አገር በቀላሉ ተሻገረ፤ ሲራክ ኅሩይም ወደ አማርኛ መልሰውታል። ነገር ግን በዚያው ሕግ ምክንያት ስማችን እንጂ አፈራችን አልገባበትም። ባለታሪኮቹ ሁሉ እንደ ለንደን ሊቃውንት ይናገራሉ። የኢምላክ አባት ሀብቱን ከገዢዎች ዝርፊያ ሲደብቅ ለአፍታ እውነተኛውን ኑሮ እናያለን፤ አራሹ ግን የለም።

ነገሩን ወደ ካፋ እናምጣው። በጆንሰን ዘመን የለንደን ጸሐፍትና ተመራማሪዎች የሚከራከሩት በቡና ቤቶች ነበር። የአረቢካ ቡና ጥንተ መገኛ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑን ሳይንስ አረጋግጧል፤ የካፋን ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. በባዮስፌር ጥብቅነት መዝግቦታል። ሆኖም በጆንሰን ሸለቆ ቡናም፣ እንሰትም፣ ኮረሪማም አይታዩም። ለቢታ ገነት ተማሪ እነዚህ የዕለት ኑሮው ናቸው። የኢምላክን ሕግ ቢከተል ደኑን «ለምለም» ብሎ ያልፈዋል፤ ሕጉን ቢጥስ ግን ማንም የውጭ ሰው ሊጽፈው የማይችለውን ይጽፋል።

ስለሆነም ለመምህራንና ለኪነ ጥበብ ሰዎች የማሳስበው «ራስላስ» ከመደርደሪያ ይውረድ እንድንል አይደለም፤ ይነበብ፣ ይተቸም። ገነት የሚል ስም ባላት ከተማ «በሩ የተዘጋ ገነት ገነት ነውን?» የሚለው ጥያቄ ለክፍል ክርክር የተገባ ነው። ከክርክሩ ቀጥሎ ተማሪው ብዕሩን ያንሣና የሚያውቀውን ቅጠል መስመር በመስመር ይቁጠር። ታላላቆችን ማክበር ማለት እነርሱ ባዶ የተዉትን ቦታ በራስ ሥራ መሙላት ነው።