ቼክቴክ፦ የምልክት ስሕተትን የሚያይ፣ የመድኃኒት መጠንን የማያይ መሣሪያ

የሕክምና ጽሑፍ ከጸሐፊው ወጥቶ አንባቢው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጆች ያልፋል። በዚህ መካከል የምትጠፋ አንዲት ምልክት የመድኃኒትን መጠን ልትለውጥ ስለምትችል፣ የእርማት መሣሪያዎች ጉዳይ ለማተሚያ ቤት ብቻ የሚተው አይደለም። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ቼክቴክ ነው።

ቼክቴክ የሚያገለግለው በላቴክ ለሚዘጋጁ ጽሑፎች ነው። ላቴክ፣ ዶናልድ ክኑት በሠራው የቴክ ፕሮግራም ላይ ተመሥርቶ በሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተዘጋጀ የገጽ ቅንብር ሥርዓት ሲሆን፣ ጽሑፉና የቅንብር ትእዛዞቹ በአንድ ፋይል ውስጥ ተቀላቅለው ይጻፉበታል። ቼክቴክን ደግሞ የንስ በርገር ቲለማን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አዘጋጀው። ተጠቃሚው ትእዛዙንና የፋይሉን ስም በጽሑፍ ሲያስገባ፣ መሣሪያው ስሕተት የመሰለውን ሁሉ ከመስመሩ ቁጥር ጋር ይዘረዝራል፤ ፋይሉን ግን አይለውጥም።

የሚያውቃቸው የማስጠንቀቂያ ዓይነቶች ከ40 በላይ ናቸው። ተከፍቶ ያልተዘጋ ቅንፍ፣ ተጀምሮ ያልተቋጨ ሠንጠረዥ፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል የገባ አጭር ጭረት ከዓይኑ አያመልጡም። የደከመ አራሚ የሚዘላቸውን እነዚህን ግድፈቶች በቅጽበት ማሳየቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ይሁን እንጂ እንደ ማንኛውም የማጣሪያ ምርመራ ሐሰተኛ ፖዘቲቭም ሐሰተኛ ኔጌቲቭም አለው። በጭረት የተጻፈን ቀን እንደ ስሕተት ሊቆጥር ይችላል። አሰልቺውን ማስጠንቀቂያ በመለያ ቁጥሩ ዝም ማሰኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ከከንቱው ጋር እውነተኛውም አብሮ ዝም ይላል።

የከፋው ሐሰተኛ ኔጌቲቩ ነው። በላቴክ ሕግ የመቶኛ ምልክት እንዲታተም ከፊቱ ያጋደለ መስመር ያስፈልገዋል። ያለዚያ ከምልክቱ ጀምሮ እስከ መስመሩ መጨረሻ ያለው ሁሉ የጸሐፊው የግል ማስታወሻ ተብሎ ይቀራል፤ ተከታዩም መስመር ያለ ባዶ ቦታ ይቀጠላል። ለምሳሌ በአንድ መስመር «ግሉኮስ 5% ወይም»፣ በቀጣዩ ደግሞ «10% በደም ሥር ይሰጥ» ተብሎ ቢጻፍ፣ የሚታተመው «ግሉኮስ 510» ይሆናል። ማስታወሻ መጻፍ የተፈቀደ ስለሆነ ቼክቴክ በተለመደው አሠራሩ በዚህ ላይ ምንም አይልም። ለጭረት ርዝመት የሚጮኸው መሣሪያ ለታካሚው በሚያሰጋው ቦታ ዝም ይላል።

ለአማርኛ ጽሑፍም ረዳትነቱ ውስን ነው። የሥርዓተ ነጥብ ሕጎቹ የተነደፉት ለላቲን ፊደል በመሆኑ፣ ከአራት ነጥብ በፊት የገባን ባዶ ቦታ አይነቅፍም። ሚሊ ግራም በግራም ቢተካም፣ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ፣ ለእርሱ ትክክለኛ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ቼክቴክ የመጀመሪያው እርማት እንጂ የመጨረሻው ሊሆን አይገባም። ከእርሱ በኋላ በምንጭ ፋይሉ ውስጥ ከቁጥር ቀጥሎ ያለውን እያንዳንዱን የመቶኛ ምልክት ፈልጎ ማየት ያስፈልጋል። በመጨረሻም አንድ የጤና ባለሙያ የታተመውን ገጽ ከዋናው ጽሑፍ ጋር እያስተያየ መጠኑን፣ መለኪያውንና የአሰጣጡን ጊዜ በቁጥር በቁጥር ማመሳከር ይኖርበታል። የመሣሪያው ዝምታ የምልክቶቹን ሥርዓት መያዝ ይመሰክር ይሆናል፤ የመድኃኒቱን መጠን ትክክለኛነት ግን አይመሰክርም።