«ግሩም ዕቃ ነው» ስለ ማለት

በ2014 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ አምቦ ለአንዲት ጎረቤቴ የተናገርሁት ቃል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ቃሉ ስድብ አልነበረም፤ ሐሜትም አልነበረም። «ግሩም ዕቃ ነው» ነበር ያልሁት። ስለ አዳዲስ መሣሪያዎች የምንሰጠውን አስተያየት ልነቅፍ ስነሣ፣ ሌላውን ከመንካቴ በፊት ከራሴ መጀመር የሚገባኝ ስለ ሆነ፣ ነገሩን እንደ ነበረ እተርከዋለሁ።

በዚያ ዓመት በግንቦት ወር ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ሳለ መርካቶ ከአንድ ሱቅ በተለምዶ ፓወር ባንክ የሚባለውን ዕቃ በ1,200 ብር ገዛሁ። ዕቃው በጀርባው ከፀሐይ ኃይል የሚቀበል ጥቁር ገበታ፣ በግንባሩ ደግሞ መብራት ነበረው። በላዩም 20,000 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል። ሻጩ በመዳፉ ከፍ ዝቅ እያደረገ «ጋሼ፣ ክብደቱን ይዩት፤ ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ብይዘው በእውነትም ከባድ ነው፤ አመንሁ። አምቦ ስመለስ ለመጣው እንግዳ ሁሉ እያሳየሁ፣ እንደዚያው እንደ ሻጩ በመዳፌ እየመዘንሁ፣ «ክብደቱን እዩት» እል ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዕቃው ስልክ መሙላት ተወ፤ መብራቱም ግማሽ ሰዓት አይቆይም። ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም። መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁበት።

ጎረቤቴ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች በማቅረብ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። እኔ አዴ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም አስተማሪ ስለ ሆንሁ ባርሲሳ ይሉኛል። ትልቁ ልጃቸው በዚያ ክረምት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጅ ነበር። መብራት በየማታው ሲጠፋ ልጃቸው በሻማ ላይ አጎንብሶ ሲያነብ ቢያዩ አዘኑ፤ ከዕቁባቸውም ገንዘብ ቆጥረው አመጡልኝና፣ «ባርሲሳ፣ አዲስ አበባ ሲሄዱ ያንን ዕቃዎን ለልጁ ይግዙለት። ደኅና ነው አይደል?» አሉኝ። በመሳቢያ ውስጥ ያለውን እያሰብሁ «ግሩም ዕቃ ነው» አልሁ። ምናልባት የተበላሸው የእኔው ብቻ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ ደግሞም ያን ያህል ካሞገስሁት በኋላ «ተሞኘሁ» ማለት እንደ ሞት ከበደኝ። በሐምሌ ሄጄ ያንኑ የመሰለ ገዝቼ አመጣሁላቸው።

ይህን በደል የሠራሁ እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ነግሬ ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን በአምቦም ሆነ በጊንጪ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ፣ ቡና እየጠጣ ስለ አዲስ ዕቃ የሚባለውን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው ሁለት ዓይነት ንግግር ብቻ ይሰማል። ዕቃው ሳይመጣ ርግማን ነው፤ ከተገዛ በኋላ ውዳሴ ነው። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ነገር፣ ማለት ሞክሮ፣ ቆይቶ፣ ልኩን ለጎረቤት መንገር፣ እምብዛም አይገኝም።

ስለ ርግማኑ ብዙ አልናገርም። በ1880ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ ስልክ ባስገቡ ጊዜ ሰው ሳይታይ ድምፅ ሲናገር የሰሙ ሰዎች «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ ተብሎ ይተረካል፤ እኛም አስተማሪዎች ይህን ለተማሪዎቻችን እየሳቅን እናወራለን። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ግን «በእጄ ያልዳሰስሁት ገንዘብ ገንዘብ አይደለም» ያልሁ እኔው ራሴ ነኝ፤ ዛሬ የባጃጅ ሒሳብ በእርሱው እከፍላለሁ። ይሁን እንጂ የሚረግም ሰው ዕቃውን አይገዛም፤ ቢያንስ ገንዘቡ ከኪሱ አይወጣም። የሚያከስረው ውዳሴው ነው።

ውዳሴያችንስ በምን ላይ ቆሟል? አንዱ በስም ላይ ነው። «የጃፓን ነው»፣ «ከዱባይ የመጣ ነው» ይባላል፤ የተናገረው ሰው ግን ከካርቶኑ በቀር ያየው ነገር የለም። እኛ አምቦዎች በዚህ ልናፍር ይገባናል። ከምንጩ አጠገብ ያደገ የአምቦ ልጅ ውሃውን በጠርሙሱ ወረቀት አይለይም፤ በምላሱ ይለየዋል እንጂ። ለውሃ ያለን ይህ ጥንቃቄ ወደ ስልክና ወደ መብራት ስንሻገር የት እንደሚጠፋ አላውቅም።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ የሚገባኝ ይመስለኛል። አባቴ የነበረው ትራንዚስተር ራዲዮ ከነቆዳ ልብሱ ትከሻ ያጎብጥ ነበር፤ ይህም በድምፅ ማውጫው ማግኔትና በባትሪ ድንጋዮቹ ምክንያት ነው። በዚያ ዘመን ከባድ ማለት ብረትና መዳብ ያለበት ማለት ስለ ነበረ፣ አባቶቻችን በክብደት መፍረዳቸው ስሕተት አልነበረም። የዛሬ መሣሪያ ግን በተራቀቀ ቁጥር ይቀላል፤ የገዢውን ልማድ የሚያውቅ አታላይም ክብደት መጨመር አይቸግረውም።

አባቴን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የራዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ያሰጣው ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም በጥርሱ ይነክሰው ነበር። እኛ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተናልና ከኋላው እንስቅ ነበር። እያደር ስማር ግን ሙቀት በድንጋዩ ውስጥ ያለውን የኬሚካል ሥራ ስለሚያፋጥን፣ የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ ለጥቂት ጊዜ እንደሚነቃ ተረዳሁ። አባቴ ኬሚስትሪ አልተማረም፤ ግን ሞክሮ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቀውም «የዛሬን ዜና ያሰማሃል፤ ለነገ ግን ሌላ ግዛ» ይለው ነበር እንጂ «ፀሐይ ድንጋይን አዲስ ታደርጋለች» አላለም። እስከየት እንደሚያደርስ የነገረው ልኩን ነው። ስለ ዕቃ ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላገኘሁም።

እንዲህ ያለ ፍርድ ከገበሬ ዘንድ አልጠፋም። የጊንጪ ጥቁር አፈር በክረምት ውሃ እያቆረ ሰብል ያጠፋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የምርምር ሰዎች ሁለት የአገር ማረሻ አጣምረው፣ ሰፊ መደብ እያወጣ ውሃውን በቦይ የሚያሳልፍ መሣሪያ ሠርተው በዚያ አካባቢ ሞከሩት። ገበሬው ውሃው ሲወርድለት አይቶ ጥቅሙን አልካደም፤ ነገር ግን «ለበሬ ይከብዳል» ብሎ ተናገረ፤ ከጊዜ በኋላም ቀለል ያለ ተሠራ። መሣሪያው በማን ስም እንደ መጣ አላስጨነቀውም፤ በገዛ በሬው ጫንቃ ላይ የሚዋሽ ገበሬ የለምና።

ሾፌሮችም እንዲሁ ናቸው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተሰማ በኋላ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በየቡና ቤቱ ብዙ ተባለ፤ ግማሹ መጫወቻ ነው አለ፤ ግማሹ የዘመን መጨረሻ ጥበብ ነው አለ። አንድ የመናኸሪያ ሾፌር ግን «አንድ ጊዜ ተሞልቶ አምቦ ደርሶ ይመለሳል ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ደርሶ መልሱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከአምቦ ከፍ ያለች ስለ ሆነች መመለሱ በጠቅላላው ዳገት ነው፤ በመኪናው ወረቀት ላይ የተጻፈው ርቀት ደግሞ ለዚህ ዳገት የተለካ አይደለም። በዚያ ቀን ከተናገሩት ሁሉ ስለ መኪናው የተናገረ እርሱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቻችን የምንናገረው ስለ ራሳችን ነበር።

በስልክ መስተዋት ላይ የሚታየውን አስተያየት ደግሞ እናንተ ወጣቶች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አንድ ለብሶ ያማረ ልጅ በቲክቶክ ካርቶን ይከፍታል፤ ላስቲኩን ይልጣል፤ «ምርጥ ነው!» ይላል፤ ከበታቹ የሻጩ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። ልጁን አልወቅሰውም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን ዕቃን በተከፈተበት ቀን ማመስገን ሙሽራን በሠርጓ ዕለት ሞያዋን እንደ መመስከር ነው። ያንኑ ዕቃ ከስድስት ወር በኋላ ይዞ ተመልሶ «እንዲህ ሆነብኝ» ያለ እስካሁን አላየሁም።

ሦስተኛው የውዳሴያችን መሠረት ቁጥር ነው፤ በዚህ ላይ የተማርን ነን የምንለው የባሰ እንታለላለን። ይህን ያስተማረኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዕቃውን ባመጣሁለት በሦስተኛው ቀን በደብተር ወረቀት ላይ ሒሳብ ሠርቶ መጣ። 20,000 የሚለው ቁጥር ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው፤ በባትሪው 3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። ጥቁሩን ገበታ በማስመሪያ ቢለካው 6 በ12 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ታወርዳለች፤ ስለዚህ በዚያ ገበታ ላይ የሚያርፈው 7 ዋት ያህል ነው፤ ከዚህም ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ አምስተኛው ቢሆን ነው፤ ይኸውም አንድ ዋት ተኩል አይሞላም። ባትሪው በፀሐይ እንዲሞላ 50 ሰዓት የጠራ የቀትር ፀሐይ ያስፈልገዋል ማለት ነው። «ባርሲሳ፣ በሐምሌ ይህን ፀሐይ ከየት እናገኛለን?» አለኝ። ውጪ ዝናቡ ይወርድ ነበር።

እኔስ ምን አልሁ? «ልጄ፣ የሠራው ፋብሪካ ከአንተ አያንስም፤ ይልቅ ጥናትህን አጥና» አልሁት። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና «እሺ» ብሎ ሄደ። ያንን ወረቀት ሠርቶ ማምጣቱ ራሱ ጥናት መሆኑን አስተማሪው አላየሁለትም። ያ ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ የተሰጠው፣ በአገር ሙሉ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ የሆኑበት ነው። ያን ሁሉ ተማሪ የጣለው የመብራት መጥፋት ነው አልልም። የዚህን ልጅ ውጤትም እዚህ አልጽፍም፤ የራሱ ነው።

በነሐሴ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በአጥራቸው በኩል ስመለከት ልጁ እንደ ገና በሻማ ላይ አጎንብሷል። አዴ ግን ስለ ዕቃው አንድ ቃል አልተናገሩኝም ነበር። በማግስቱ የእኔን ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ አንድ ስልክ ጠጋኝ ወሰድሁት። ጠጋኙ በቀጭን መፍቻ ፈለቀቀው። በውስጡ አንዲት ትንሽ ባትሪና በላስቲክ የተቋጠረ አሸዋ ተገኘ። ሻጩ በመዳፉ ያስመዘነኝ፣ እኔም ለእንግዳ ሁሉ ያስመዘንሁት፣ ያንን አሸዋ ኖሯል። ጠጋኙ ምንም አልደነቀውም። «በዚህ ክረምት አምስተኛዬ ነው» አለኝ። ስለ ምን ለሰው አይነገርም ብለው፣ «የሚያመጡት ሁሉ ‹እባክህ ለሰው እንዳታወራ› ይሉኛል፤ እርስዎም ሳይሉኝ አይቀሩም» አለ። በእውነትም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር።

ማታውኑ አሸዋውን በወረቀት ጠቅልዬ ወደ አዴ ሄድሁ። ሊጥ እያቦኩ ነበር። ዕቃውን አሳየኋቸውና «ይቅር ይበሉኝ፤ የእኔ ዕቃ የተበላሸው የእርስዎን ከመግዛቴ በፊት ነው» አልኋቸው። ገንዘባቸውንም አስቀመጥሁላቸው። ወደ ገንዘቡ አልተመለከቱም፤ አሸዋውን በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ብዙ ዝም አሉ። በኋላም፣ «ጉደር ያለችው እህቴ ባለፈው ሳምንት ስለ ዕቃው ጠይቃኝ ነበር፤ ለልጇ ልትገዛ ነው» አሉ።

«ምን አሏት?»

«ግሩም ነው አልኋት። በዚያን ጊዜ የእኔም ሞቶ ነበር። ባርሲሳ ገዝተውልኝ መጥፎ ነው እንዴት እላለሁ?»

በማግስቱ ማለዳ አሸዋውን ከነዕቃው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጉደር በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ አየኋቸው።