የሮማንቲክ ዘመን ፒያኖና የአምባሰል ቅኝት

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 2023 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ካረፉ ወዲህ ስለ ድርሰቶቻቸው ብዙ ተጽፏል። ከተጻፈውም አብዛኛው ከሾፓን ወይም ከሌላ የአውሮፓ ደራሲ ጋር እያመሳሰለ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ንጽጽሩ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ገና በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ ተልከው ሙዚቃ ተምረዋል፤ ከጦርነቱም በኋላ በካይሮ ከፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። ሆኖም ማን ማንን ይመስላል ከማለት ይልቅ፣ ዜማው ወደ ማረፊያው በየት በኩል ይገባል ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስረዳል።

ሾፓንም ሹማንም ሊስትም ኅብረ ድምፁን ምንም ያህል ቢያራቅቁት፣ አድማጩን ወደ ማረፊያው የሚመልሱት ባመዛኙ ከታች ወደ ላይ ነው፤ ይኸውም ሲ የተባለው ድምፅ በግማሽ ድምፅ ርቀት ወደ ዶ ሲወጣ ነው። የአምባሰል ቅኝት ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ስለ ሆነ፣ ሲ ጭራሹን የለበትም። በግማሽ ድምፅ ወደ ዶ የሚደረሰው ከላይ በመውረድ ነው። እንግዲህ በአምባሰል ዜማ ሥር የአውሮፓን የመዝጊያ ኅብረ ድምፅ የሚያኖር ደራሲ፣ ቅኝቱ የማያውቀውን ድምፅ ያስገባል፤ የዜማውንም መውረድ ወደ መውጣት ይለውጠዋል።

ይህ ችግር በአቶ ግርማ ይፍራሸዋ ሥራ ላይ ሊመረመር ይገባዋል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፍያ የተማሩት እኒህ ፒያኒስት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት አልበም ውስጥ «አምባሰል» የሚል ድርሰት አለ። የጣታቸው ችሎታ አያከራክርም። ነገር ግን የግራ እጁ ሲሳሳ ቅኝቱ ይናገራል፤ ሲበዛና ሲሰፋ አድማጩ የኅብረ ድምፁን ውበት ወደ ማድነቅ ያዘነብላል። የእማሆይ ግራ እጅ ከዚህ ይልቅ ቍጥብ ነው፤ ድኽነት የሚመስለው ይህ ቍጥብነት ለቅኝቱ ጠቅሞታል።

ከሾፓን ጋር ያላቸው እውነተኛ ዝምድና በሌላ በኩል ነው። ቻርልስ ሃሌ የተባለው ፒያኒስት፣ ሾፓን በሦስት ምት የተጻፈውን ማዙርካ በአራት ምት እንደሚጫወተው ጮኾ እየቈጠረ ባሳየው ጊዜ፣ ሾፓን ስቆ ይህ የአገሩ ጭፈራ ጠባይ መሆኑን ነግሮታል። ኖታው ያልያዘው አካሄድ በጣቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። እማሆይም ዐሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም በምናኔ ኖረዋል፤ በኋላም የቅዱስ ያሬድን ዜማ በጐንደር አጥንተዋል። (ግሸን በአምባሰል ምድር መሆኗ ስለ ቅኝቱ ምንም አያረጋግጥም፤ መጥቀሱ ግን ደስ ያሰኛል።) የማስንቆ ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይንሸራተታል፤ የፒያኖ ቁልፍ ግን እያንዳንዱ ቍርጥ ነው። ስለዚህ እርሳቸው መንሸራተቱን በፈጣን ጌጥ ተክተውታል፤ ምቱንም ዜማው ትንፋሽ በሚሻበት ስፍራ ያዘገዩታል።

እ.ኤ.አ. በ2013 ኖታዎቻቸው በመጽሐፍ ታትመዋል። መጽሐፉ ለተማሪዎች ትልቅ ስጦታ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን ያስቀረጹት ሸክላ ከኖታው ጋር አብሮ ካልተደመጠ፣ ተማሪው በወረቀቱ ላይ ሦስት ምት አይቶ ሦስት ይቈጥራል።