የሆድ ጡንቻና የወገብ ሕመም፤ ስለ አንድ ጽሑፍ የቀረበ ሂስ

ወገቡን የሚያመው ሰው ሆዱን ያጠንክር የሚለውን ምክር ያልሰማ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህራችን በጀርባችን አስተኝተው፣ እጃችንን ከማጅራታችን ላይ አስደርገው፣ ቀና በሉ እያሉ ሲያለማምዱን የሚሰጡን ምክንያት ይኸው ነበር። እናቴም እንጀራ ልትጋግር ከምጣዱ ፊት ስትቀመጥ መቀነቷን ጠበቅ የምታደርገው ወገቤን ይደግፍልኛል ብላ ነው። ስለዚህ በለንደን የሚሠሩት ኦስቲዮፓት ዶክተር ኤያል ሌደርማን ይህን እምነት ተረት ነው ብለው በ2010 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙትን ጽሑፍ ማንበብ የጀመርሁት በጥርጣሬ ነበር።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። በ1996 በአውስትራልያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ፖል ሆጅስና ካሮሊን ሪቻርድሰን፣ ወገባቸውን የሚያማቸው 15 ሰዎችና ሕመም የሌለባቸው 15 ሰዎች ቆመው ክንዳቸውን በፍጥነት እንዲያንቀሳቅሱ አደረጉ። በጤነኞቹ ዘንድ ትራንስቨርሰስ አብዶሚኒስ የሚባለው፣ ሆድን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዘው የውስጥ ጡንቻ፣ የክንዱን ጡንቻ ቀድሞ ሲሠራ ታየ፤ በሕመምተኞቹ ዘንድ ግን ዘገየ። እንግዲህ ጥናቱ የሚናገረው ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ጉልበት አይደለም፤ መዘግየቱ የሕመሙ ምክንያት ይሁን ውጤት ከዚህ ብቻ ለመለየት አይቻልም። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ «ሆድህን አጠንክር» የሚል ትልቅ ገበያ ቆመ። ሌደርማን ይህን ዝላይ ማሳየታቸው ከሁሉ የሚበልጥ ውለታቸው ነው።

ካቀረቡት ማስረጃ ሁሉ እኔን የረታኝ የቁጥሩ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ወገቡን ለማጽናት የሚያስፈልገው የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች ሥራ ከሙሉ ኃይላቸው ከመቶ 1 እጅ እንኳ እንደማይሞላ ይገመታል፤ 32 ኪሎ ግራም ሸክም ቢጨመርበት ወደ 3 እጅ ይደርሳል። ይህ ከሆነ ደካማ የምንለው ሆድም ለዕለት ሥራ የሚተርፍ ጉልበት አለው ማለት ነው።

ስለ ነፍሰ ጡሮች የጻፉት ግን ይህን ያህል አልያዘኝም። ሆዳቸው ከተለጠጠ ሴቶች መካከል ከተኙበት በሆድ ጡንቻ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ለማለት ያልቻሉ ነበሩ፤ አለመቻላቸው ግን ከወገብ ሕመም ጋር ዝምድና አልተገኘለትም ይላሉ። እርግዝና የራሱ ክብደት፣ የራሱ የሰውነት ለውጥ፣ የራሱም ማብቂያ አለው። ከ9 ወር ሁኔታ ተነሥቶ ለ10 ዓመት ወገቡን ሲያመው በኖረ ተሸካሚ ላይ ፍርድ መስጠት ችኰላ ነው።

ዋናው ቅሬታዬ በመደምደሚያቸው ላይ ነው። ይህ ልምምድ ከሌላው አይበልጥም ማለታቸውን የኋላው ምርምር ደግፎታል፤ በ2016 የወጣው፣ 29 ሙከራዎችንና 2,431 ሰዎችን የያዘው የኮክሬን ግምገማ ከሌሎች ልምምዶች ጋር ሲያነጻጽረው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። ነገር ግን አይበልጥም ማለት አይረባም ማለት አይደለም። በ2021 ኮክሬን 249 ሙከራዎችን መርምሮ፣ በጠቅላላው ልምምድ ሥር የሰደደ የወገብ ሕመምን ልምምድ ካለማድረግ ይልቅ ከ100 በ15 ነጥብ ያህል እንደሚያቀል አስታውቋል። ሌደርማን ግን ሆዳቸውን ማጥበቅ የለመዱ ሕመምተኞች እንዲተዉት ይመከሩ ይላሉ። አከርካሪዬ ይሰበራል ብሎ እየፈራ ቀኑን ሙሉ ሆዱን ወጥሮ ለሚውል ሰው ምክሩ ደኅና ነው። ጠዋት ጠዋት ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሆዱን ሲያሠራ ሕመሙ የቀለለለትን ሰው ግን፣ የተነገረህ ምክንያት ስሕተት ነበርና ልምምዱን ተው ብንለው ምን እንጠቅመዋለን? መሣሪያ አይገዛበት፣ ገንዘብ አይከፍልበት! ጸሐፊው ከገበያው ጋር ሲጣሉ ይህን ሰው የረሱት ይመስለኛል፤ ቃናቸውም አንዳንድ ቦታ ከምርምር ይልቅ ሙግት ይሆንባቸዋል።

ጽሑፉን ከጨረስሁ በኋላ እናቴን መቀነትሽን ፍቺ አላልኋትም። በየመካከሉ ከምጣዱ እየተነሣች ጥቂት እንድትንቀሳቀስ ግን ነግሬያታለሁ።