መሬትና ትረካ በ«ዋተርላንድ» ልብ ወለድ

ግራሃም ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው «ዋተርላንድ» በተሰኘው ልብ ወለድ፣ መቼቱ የድርጊቱ ማረፊያ ብቻ ሳይሆን የትረካውን አካሄድ የሚወስን ኃይል ነው። ተራኪው ቶም ክሪክ በለንደን፣ በግሪኒች የታሪክ መምህር ነው። የታሪክ ትምህርት እንዲቀነስ፣ እርሱም እንዲሰናበት በታሰበበት ወቅት፣ የፈረንሳይን አብዮት ትቶ ስለ ትውልድ ስፍራው፣ ስለ ምሥራቅ እንግሊዙ የፌንስ ሜዳ ለተማሪዎቹ ይተርካል።

ፌንስ በተለይ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ውሃው እየተጠነፈፈ የታረሰ ረግረግ ነው። ደለል ምድሩን ይሠራል፤ ያው ደለል ወንዙን ይደፍናል። አፈሩም በደረቀ መጠን ዝቅ ስለሚል፣ ውሃውን የማስወጣቱ ሥራ ማለቂያ የለውም። የክሪክም ትረካ እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በወንዙ መዝጊያ በር ላይ ወደተገኘው የወጣት አስከሬን ይቀርብና፣ ወደ ቀደምት አያቶች ታሪክ፣ አልፎም ወደ እባብ መሰሉ ዓሣ አፈጣጠር ይጠማዘዛል።

ሆኖም ምድሩ ሁሉን የሚያስረዳ ከሆነ፣ የሰው ኃላፊነት ወዴት ይሄዳል? ክሪክ በጥፋቱ ከራሱ ድርሻ ዘንድ ሲደርስ በደለሉ የሚሸሸግበት ጊዜ አለ። ደራሲው ይህን ሳይዘነጋ፣ ፕራይስ የተባለው ተማሪ ታሪክ ለምን ይጠቅማል ብሎ መምህሩን እንዲሞግት አድርጓል። ከልብ ወለዱ የሚገኘው መልስ ትሑት ነው፤ ይኸውም ታሪክን ማስተማር አዲስ ዓለም ባይፈጥርም፣ በድካም የተገኘው መሬት ተመልሶ በውሃ እንዳይዋጥ የሚደረግ የዘወትር ጠረጋ ነው።