ከላይ የሚያየውና ከታች የሚሄደው
(ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታዎች በቀረበ አስተያየት ላይ የተሰጠ ሂስ)



በእጅ እየተገለበጠች ከድንኳን ወደ ድንኳን በምትዞረው በዚህች ቅጠላችን እስከ ዛሬ ስለ ግጥም፣ ስለ አጭር ልብ ወለድና ስለ ተውኔት ሂስ ስናቀርብ ቆይተናል። ዛሬ ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፋችን ለአንዳንዶች ቧልት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ወጣቶቻችን ከመጽሐፍ ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት እዚያ ከሆነ፣ አገርንና ሰውን የሚያዩበትም መነጽር ከዚያ የሚገኝ ከሆነ፣ ሂስ ዝም ሊል አይገባውም ብለን እናምናለን።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ባለፈው የንባብ ምሽት አንድ ወጣት ወንድማችን ያሰማው አስተያየት ነው። ወንድማችንን የምናውቀው ከጀሪፍ ጀምሮ ነው። ጀሪፍን ለማታውቁ፣ ካርቱም ውስጥ በጥቁር አባይ ዳርና ዳር የተዘረጋ፣ የጡብ ምድጃ ጭስ የማይለየው፣ ብዙ የአገራችን ሰው የኖረበት ሰፈር ነበር። እዚያ ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ ጄኔሬተር እያጓራ ኮምፒዩተር በሰዓት የሚያከራይ ቤት ነበር። ወንድማችን ቀን ሲሠራ ካገኘው ላይ ቆንጥሮ ማታ ማታ የሚከፍለው ለዚያ ቤት ነበር። ስለሆነም የተናገረው በወሬ የሰማውን ሳይሆን በዓመታት ልምድ ያየውን ነው። ይህን በቅድሚያ እናከብርለታለን።

አስተያየቱ በአጭሩ ሲቀርብ አራት ነጥቦች አሉት። አንደኛ፣ የስልት ጨዋታ፣ ማለትም ከተማ እየቆረቆሩ፣ ጦር እየመለመሉ አገርን ከላይ ሆኖ የሚመሩበት ጨዋታ፣ ማሰብን ያስተምራል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ ግን ደካማ ባላጋራ ነው። ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ በነዚህ ጨዋታዎች ውስጥ መግባቷ ለኛ ክብር ነው። አራተኛ፣ የሚና ጨዋታ፣ ማለትም አንድ ሰው ሆነው መንገድ እየሄዱ፣ እየተነጋገሩና እየመረጡ የሚጫወቱት፣ የሰነፍ ተረት ነው፤ ምን ብትመርጥ መድረሻው አንድ ነውና።

በሁለተኛው ነጥብ ሙሉ በሙሉ እንስማማለን። እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣውና እስካሁን በአዲስ በአዲስ መልክ በሚቀርበው «ሲቪላይዜሽን» በሚባለው ጨዋታ ተጫዋቹ ከባድ ደረጃ ሲመርጥ ማሽኑ የበለጠ አያስብም። ከመነሻው ተጨማሪ ሰፋሪና ወታደር ይሰጠዋል፤ ሥራውም ይፈጥንለታል። ይህ ብልህነት ሳይሆን አድሎ ነው። ወንድማችን ይህን ለይቶ ማየቱ ንቁ ተጫዋች መሆኑን ያሳያል።

የክብሩ ነጥብ ግን መመርመር ያሻዋል። እርግጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው የ«ሲቪላይዜሽን 5» ተጨማሪ ክፍል ኢትዮጵያ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሪነት ገብታለች። በ2020 ደግሞ በስድስተኛው ጨዋታ ዐፄ ምኒልክ መጥተዋል፤ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትም አብረዋቸው አሉ። በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» የዮዲትን ታሪክ አስገብቷል፤ ሾተል የያዘ፣ ቶሎ ተመልምሎ ቶሎ የሚሞት ወታደርም ሰጥቶናል። ስማችን ተጠርቷል። ጥያቄው ምን ተብሎ ተጠራ የሚለው ነው።

በአምስተኛው «ሲቪላይዜሽን» የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ «የዓድዋ መንፈስ» ይባላል። ከኛ የበለጠ ከተማ ካለው አገር ጋር ስንዋጋ ጦራችን 20 በመቶ ይጠነክራል። ወንድማችን ይህን ሲናገር ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በቁጥር ያነሰው ወገን እኛ አልነበርንም። የጣልያን ጦር 17,700 ያህል ሲሆን የኛ ወደ 100,000 እንደሚጠጋ ይገመታል። ድሉን ያመጣው ከየአውራጃው የተሰማው ክተት፣ በዓመታት የተገዛው ጠመንጃ፣ ስንቅ ተሸክሞ ወራት የተጓዘው በቅሎና አህያ፣ እህል የፈጨችውና ውኃ የቀዳችው ሴት ናቸው። ጨዋታው ይህን ሁሉ «መንፈስ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ አለፈው። መንፈስ ስንቅ አይበላም፤ ስለዚህ ስንቁን ማን ተሸከመው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለ ክብሩ ንጉሡ ብቻ ይሆናል።

እዚያው ጨዋታ ላይ መሐል ሰፋሪ የሚባል ጦር አለን። ኃይሉ ከፍ የሚለው ለመናገሻው ከተማ ሲቀርብ ነው፤ በራቀ ቁጥር ይቀንሳል። ይህን ሕግ በሰማን ጊዜ ሁላችንም ሣቅን። ከመናገሻ መራቅ ምን እንደሚያደርግ ለዚያ ጉባኤ ማስረዳት አላስፈለገም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ስልት ማሰብን ያስተምራል የተባለው እውነት ነው። ያለህን እህል መቁጠር፣ ከአሥር እርምጃ በኋላ የሚመጣውን መገመት፣ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ትልቅ ትምህርት ነው። ደግሞም ለኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ገበጣን ማንም ያውቀዋል። በቀድሞው የአገራችን ሰንጠረዥ ደግሞ ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ምዕራፍ ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ዛሬ ወጣቶች «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ተራ የለውም፣ «ሲቪላይዜሽን» ግን ተራ አለው እያሉ የሚከራከሩበትን ልዩነት አባቶቻችን በአንድ ገበታ ላይ ይጫወቱት ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ሰንጠረዥ ሰፋ አድርገው ጽፈዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው፣ ንጉሡ የተያዘው በየትኛው ጠጠር ነው ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ አንዱ አያያዝ ከሌላው የበለጠ ያስከብራል። አሸናፊነት ብቻውን አይበቃም፤ እንዴት አሸነፍክ የሚል ዳኝነት ነበረው።

ይህ ዳኝነት ከማሽኑ ጠፍቷል። ማስረጃችን ወንድማችን ራሱ የነገረን ነው። በ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» አንድ ተጫዋች በተለምዶ ሊኖረው የሚችለው የሕዝብ ብዛት 200 ነው። ገበሬውም፣ እንጨት ቆራጩም፣ ወታደሩም ተደምረው ማለት ነው። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ጎተራውም ሲሞላ፣ ገበሬ ቦታ ይይዛል። ታዲያ ጎበዝ ተጫዋች ምን ያደርጋል? ገበሬዎቹን እየመረጠ በአንዲት ቁልፍ ይደመስሳቸዋል፤ በቦታቸው ወታደር ያወጣል። ጠላት አይደለም የሚገድላቸው። መሪያቸው ነው።

ወንድማችን ይህን እንደ ጥበብ ሲያስረዳ፣ ቡና ያፈሉልን የነበሩት እናት ጀበናውን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ ያ ሰውዬ ግን ምን አጠፋ?» አሉት። እሱም፣ «እማማ፣ ሰው አይደለም እኮ፣ ቁጥር ነው» አላቸው። እናታችን መልሰው አልተናገሩም። ጀበናውን አንሥተው ሁለተኛውን መቅዳት ጀመሩ።

«ሲቪላይዜሽን»ም ከዚህ አይሻልም። በአንድ ከተማ ምግብ ሲያጥር ከስሟ አጠገብ ያለው ቁጥር ከ7 ወደ 6 ይወርዳል። ያ አንዱ የት ሄደ? ወደ ጎረቤት ከተማ አልገባም፤ ድንበር አልተሻገረም፤ የተቀበለው የለም። በዚህ ካምፕ የምንኖር ሁሉ መልሱን እናውቃለን፤ ከየከተማው የጎደለው አንድ ቁጥር እዚህ ተሰልፎ ራሽን ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ግለ ሂስ ማድረግ ይገባናል። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን፣ ኋላም ጂኦግራፊ ስናስተምር፣ አገርን ያስተማርነው ከላይ ነው። ካርታ ሰቅለን በዱላ እየጠቆምን፣ የዚህ አውራጃ ሕዝብ ይህን ያህል፣ ምርቱ ይህን ያህል እያልን ቁጥር አስቀዳን። ከዚያ ቁጥር ውስጥ አንድ ሰው ቢጎድል ምን ይሆናል ብለን ተማሪ ጠይቀን አናውቅም። ወንድማችን «ቁጥር ነው» ሲል የኛንም የማስተማር ፍሬ ሰምተናል።

ስለ ሚና ጨዋታ የሰጠው ፍርድ የማያስማማንም በዚህ ምክንያት ነው። የሚና ጨዋታ የተወለደው ከስልት ጨዋታ ነው። በአሜሪካ የአሻንጉሊት ጦር አሰልፈው የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ፤ በአንዱ ደንባቸው አንድ አሻንጉሊት 20 ሰው ይወክላል። ከነሱ መካከል አንዳንዶቹ አንዱ አሻንጉሊት አንድ ሰው ብቻ ቢሆንስ፣ ተጫዋቹም ጄኔራል መሆኑ ቀርቶ ያ ሰው ቢሆንስ ብለው አሰቡ። ከዚህ አሳብ እ.ኤ.አ. በ1974 «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ወጣ፤ በወረቀት፣ በእርሳስና በዛር የሚጫወቱት ነው። ዛሬ በኮምፒዩተር የምናያቸው የሚና ጨዋታዎች ሁሉ የዚያ ልጆች ናቸው። እንግዲህ የሚና ጨዋታ የሰነፍ ተረት ሳይሆን፣ ከኮረብታው ወርዶ ከሰልፈኛው ጋር የመሄድ ውሳኔ ነው።

ሁሉም በደንብ ይሄዳል አንልም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን «ስካይሪም»ን እንውሰድ። ወንድማችን ጀሪፍ ላይ ጀምሮ ሰልችቶት የተወው ነው። በዚያ ጨዋታ ዊንድሄልም በምትባል ከተማ ከአገራቸው የተሰደዱ ጥቁር ኤልፎች «ግራጫው ሰፈር» በሚባል ጠባብ ሠፈር ተጨናንቀው ይኖራሉ። ተጫዋቹ በከተማዋ በር ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ሁለት የአገሬው ሰዎች አንዲት ስደተኛ ሴት ላይ ሲጮኹ ነው። መልስ መስጠት፣ ከአንዱም ጋር በቡጢ መግጠም ይቻላል። ተጫዋቹ ዘንዶ ይገድላል፤ የከተማዋንም ገዥ ማስለወጥ ይችላል። የሰፈሩ ቤትና መንገድ ግን ያው ነው። ወንድማችን «ምን ብትመርጥ መድረሻው አንድ ነው» ያለው እዚህ ላይ ልክ ነው። ሆኖም ያችን ሴት በዓይኗ ከፍታ ቆሞ አይቷታል። ያልወደደው ተረቱን ነው ወይስ ሰፈሩ ጀሪፍን መምሰሉን? ይህን እሱ ይመልሰው።

ሚና መጫወት ምን እንደሚያስተምር በክፍላችን አይተናል። ባለፈው ወር ተማሪዎቻችንን ለሁለት ከፍለን ግማሹ መዝጋቢ፣ ግማሹ ተመዝጋቢ እንዲሆኑ አደረግን። በሩብ ሰዓት ውስጥ መዝጋቢዎቹ ድምፃቸው ተለወጠ፤ «ነገ ተመለሽ» ማለት ጀመሩ። ሚናው ሲቀያየር ግን «ነገ ተመለሽ» የሚል ጠፋ። ካርታ እየሰቀልን በዓመታት ያላስተማርነው በአንድ ሰዓት ተማረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ሥዑር ነበር። ጀሪፍ ውስጥ ዶሮው ተገዝቷል፣ ሽንኩርቱ ተከትፏል። ጠዋት ተኩስ ተጀመረ፤ ቀጥሎ አውሮፕላን መጣ። ያን ቀን ካርቱምን ከላይ የሚያይ ሰው ነበረ፤ እኛ ግን ከታች ነበርን። ፋሲካ መብራትና ውኃ ሳይኖር አለፈ። ኋላ በእግርም በመኪናም ስንወጣ ወንድማችን የተሸከመው አንዲት ጀሪካን ውኃና የጎረቤቱን ሕፃን ልጅ ነበር። ያን ቀን የተጫወተው የቱን ጨዋታ ነው ብንለው ምን ይለን ይሆን?

በሁለቱ ዓይነቶች መካከል የቆመ አንድ ሥራ ለወንድማችን እንጠቁመው። «ዚስ ዋር ኦፍ ማይን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በፖላንድ ተሠራ፤ መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ተጫዋቹ ጦር የለውም። የፈረሰ ቤት ውስጥ ያሉ ጥቂት ሲቪሎችን ይጠብቃል። ቀን ተኳሽ ስላለ አይወጣም፤ ሌሊት አንዱን ልኮ ምግብና መድኃኒት ያስፈልጋል። የሽማግሌ ባልና ሚስትን ቤት መዝረፍ ይቻላል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ቤተሰቡ ይበላል። የሰረቀው ሰው ግን ሲመለስ ያዝናል፣ ሥራም እንቢ ሊል ይችላል። እዚህ ስልትም አለ፣ ዋጋውም አለ። የፖላንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ጨዋታ ለተማሪዎች ከሚመከሩ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ ማስገባቱ እንደ አስተማሪ አስደስቶናል።

ሌላም ምሳሌ አለን። ሉዋል ማየን የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው። ቤተሰቡ ከጦርነት ሲሸሽ መንገድ ላይ ተወለደ፤ ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ ስደተኞች ካምፕ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅመው በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዙለት። ኤሌክትሪክ ለማግኘት ሦስት ሰዓት በእግር ይሄድ ነበር። የሠራው ጨዋታ «ሰላም» ይባላል፤ ዋናው ሰው ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ነው፤ ምግብ፣ ውኃና መድኃኒት እያገኘ ወደ ሰላም ቦታ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በዓለም የጨዋታ ሽልማት መድረክ ላይ ስሙ ተጠራ። የተጠራው ግን ንጉሥ ሆኖ አይደለም።

እንግዲህ ሂሳችንን ስናጠቃልል፣ ወንድማችን ማሽኑን በማወቅ ረገድ ከኛ ይበልጣል፤ ስልት ያስተምራል ማለቱም ትክክል ነው። ስሕተቱ ስልትን ብቻውን ማቆሙና ከታች የሚሄደውን ሰው ቁጥር ማለቱ ነው። ይህ ስሕተት የሱ ብቻ እንዳልሆነም ተናግረናል።

ስለዚህ አንድ ሥራ እንሰጠዋለን። የሚና ጨዋታ በወረቀትና በዛር ከተጀመረ እኛም ኮምፒዩተር መጠበቅ የለብንም። የገበጣ ጠጠር አለን፤ ወረቀት ቢያጥር ከኛ ዘንድ ጥቂት አለ። ወንድማችን ከጀሪፍ እስከዚህ ካምፕ ያለውን መንገድ ጨዋታ አድርጎ ይንደፈው፤ ስንቅ የሚቆጠርበት፣ መንገድ የሚመረጥበት፣ ነገር ግን እያንዳንዱ ጠጠር ስም ያለው ይሁን። በሚቀጥለው የንባብ ምሽት ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ የሚጫወቱት ያቺን ጥያቄ የጠየቁት እናት እንዲሆኑ ተስማምተናል፤ እሳቸውም ቡናውን አፍልቼ ስጨርስ እቀመጣለሁ ብለዋል።